አንድ እግር ጫማ

ግድግዳው ቀጭን ነው፤ ጥፋቱ የኔ አይደለም። አከራያችን አንዱን ሰፊ ክፍል በኮምፔንሳቶ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለእኔ፣ ግማሹን ለእነሱ ሲያከራይ፣ ቤቱን እንጂ ወሬውን መለየት አልቻለም። እነሱ ሦስት ናቸው፤ ባል፣ ሚስትና የሚስት እናት። እኔ ብቻዬን ነኝ። እነሱ ሻይ ሲያማስሉ ማንኪያው የኔ ብርጭቆ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ያን ዕለት ጠዋት ግን ገና ዐይኔን ሳልገልጥ የሰማሁት የባልየውን ድምፅ ነበር። «ዛሬ እዚያ ሳጥን ላይ ጫማ ካየሁ እናትሽም ቢሆኑ አልምርም» አለ። «የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ተጽፎ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። የቀረው ስም መሙላት ብቻ ነው።»

እናትየው እኮ እዚያው ናቸው። ከመጋረጃው ወዲያ፣ ከሱ ሁለት እርምጃ ርቀው ሻያቸውን እያማሰሉ ነው። ግን ሰውየው አለቃቸው ከሆነ ወዲህ ለእሳቸው የሚነገረው ነገር ሁሉ በልጃቸው በኩል ነው የሚያልፈው፤ የሳቸውም መልስ እንደዚያው። ሁለት ማስጠንቀቂያ አላቸው፤ ሦስተኛው ስንብት እንደሆነ ሦስቱም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ማንኪያው ቆመ። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ጠበቅኩ፤ እንዲህ ስል አላፍርም። ባልየው ራሱ ወደ ካልሲ ዞረ። «ካልሲዬስ?» አለ። «አንዱ አልደረቀም፤ ይሄኛው ደግሞ አውራ ጣቱ ጋ ተቀዷል» አለችው ሚስቱ። «የተቀደደውን ስጪኝ፤ ጫማዬን ማን ሊያስወልቀኝ ነው?» ጫማው አዲስ ነው፤ ጥቁር፣ ባለማሰሪያ፣ የወር ደሞዙን ሲሶ የበላ። ትናንት ማታ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ ሲሞክረው ሲጮህ ሰምቼዋለሁ። በመጨረሻ የሻለቃ ድምፅ መጣ። «ሻዩ እንዳይቀዘቅዝ በይው» አሉ ለልጃቸው።

ሻለቃ የምላቸው እሳቸውን ነው፤ የሚስትየውን እናት። ወታደር ሆነው አያውቁም። እኔም እሳቸውም ልጃቸውን ያገባውም ሰው የምንሠራው አንድ ዳቦ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ እዚያ ሁሉም ከኋላቸው ሻለቃ ይላቸዋል፣ ከፊታቸው ደግሞ እትዬ። ሊጥ ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። እኔ የሊጡን ማሽን ነው የማንቀሳቅሰው። እሱ ደግሞ ከአምስት ወር በፊት የፈረቃ ኃላፊ ሆኖ ተመደበ፤ የሙከራ ጊዜው ስድስት ወር ነው። ቤት ውስጥ «አንተ» የሚሉትን ልጅ የፋብሪካውን በር ሲያልፉ «እርስዎ» ይሉታል፤ እሱም «እማማ» ማለቱን በሩ ላይ ትቶት ይገባል። መጀመሪያ ሰሞን ሳቃችን ይመጣ ነበር፣ አሁን ለምደነዋል።

የጫማውን ነገር ሳልነግራችሁ ወዲያ ብሄድ አይገባችሁም። የሊጡ ማሽን ገንዳ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ነው። ውስጡ ሁለት ወፋፍራም ብረቶች ይዞራሉ፤ ጥግ ጥጉ ላይ ሊጥ እየደረቀ ስለሚቀር በየጊዜው አንድ ሰው በባዶ እግሩ ገብቶ በእጁ ይፍቀዋል። ድሮ ሰው ሲገባ የማስነሻው ሳጥን በጓጉንቸር ይቆለፍ ነበር አሉ፤ መክፈቻው ጠፋ። ቀጥሎ ወረቀት ተለጠፈ፤ ዱቄት ሸፈነው። ቀጥሎ ስብሰባ ተደረገ፤ ስብሰባ ማን ያስታውሳል። ከዚያ አንድ ሰው ቀኝ ክንዱን እዚያ ጥሎ ወጣ። ሁሉም ሲያለቅስ ሰነበተ። ሻለቃም አለቀሱ፤ ግን በማግስቱ መጥተው፣ ከእንግዲህ ገንዳ የሚገባ ሰው የግራ ጫማውን አረንጓዴው ማስነሻ ፊት ያስቀምጥ አሉ። «ጓጉንቸር ይረሳል፣ ወረቀት ይረሳል፤ አንድ እግር ጫማውን ረስቶ ቤቱ የገባ ሰው ግን አላየሁም።» ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብሎ የተረተባቸው ነበር። «ጅቡ ይመለሳል» አሉት። ዳቦ ቤት ነውና ጫማው በንጹሕ የዳቦ ላስቲክ ይጠቀለላል፤ ለዚህም ላስቲክ ከጋዋናቸው ኪስ ጠፍቶ አያውቅም። ማስነሻው ፊት ትንሽ የቆርቆሮ መደርደሪያ ተበየደች። ይኸው ዘጠኝ ዓመት፣ ከዚያ ክፍል አንዲት ጣት አልጎደለችም።

ጫማው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። በወር አንድ ቀን፣ መቼ እንደሆነ ሳይናገሩ፣ የዳቦ ትሪ አንስተው ሦስት ጊዜ ይመታሉ። ያኔ የያዝነውን ጥለን፣ ምድጃውን አጥፍተን፣ ጓሮ ካለው የውሃ ታንከር ሥር እንሰበሰባለን። ሻለቃ በጣታቸው እየቆጠሩ «ማን ቀረ?» ይላሉ። አሥራ ሁለት ካልሞላን ማንም ንቅንቅ አይልም። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ አጉረምርሜያለሁ። አንደኛው ማስጠንቀቂያ የመጣባቸው በዚህ ትሪ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ጫማ ተቀምጦ ማሽኑ አሥራ አንድ ደቂቃ ቆመ ተብሎ። «ማን ቀረ» አመል ሆኖባቸው ቤትም ማታ በሩን ሲዘጉ ይሉታል፤ ሦስት ሰው በሚኖርበት ክፍል።

ወደ ሥራ ከሻለቃ ጋር አብረን ነው የምንሄደው። አማችየው ቀድሞን ሄዷል፤ አዲሱ ጫማ አስፋልቱ ላይ ሲንቋቋ ከሩቅ ይሰማል። ሰምቻለሁ ልበላቸው ወይስ ሆድ ይፍጀው እያልኩ ሳመነታ፣ እሳቸው ዞር ሳይሉ «ሰምተሻል አይደል?» አሉኝ።

«ምኑን እትዬ?»

«ግድግዳው ለእኔም ቀጭን ነው እኮ ልጄ። ስታንኮራፊ እሰማሻለሁ።»

አፈርኩ። ከዚያ ንዴቴ መጣና ያልተጠየቅኩትን ሁሉ ለፈለፍኩ፤ እንዴት እናቱን በሚያህሉ ሴት ላይ ደብዳቤ ይጽፋል፣ የሚበላውን እያቀረቡለት፣ ምናምን። ሻለቃ የሚከፋቸው ሰው ሲታማ ነው። «ክፉ አይደለም» አሉኝ። «ፈርቷል። ዛሬ የሚመጡት ሰዎች ለትምህርት ቤቶቹና ለሆስፒታሉ ዳቦ የሚገዙ ናቸው። ውሉ ከተገኘ ሥራው ይጸናለታል። ዳቦ ቤት ገብተው ጫማ ቢያዩ ምን ይላሉ ብሎ ነው።» እንግዲያው ለአንድ ቀን ጫማውን ይተዉት አልኳቸው። መጀመሪያ መንገዱን አሻገሩኝ። ከተሻገርን በኋላ «በጫማው ፈንታ ካርድ ይንጠልጠል ተብያለሁ፣ አንጠለጥላለሁ» አሉ። «ሰው ከጠፋ ግን ጫማዬን አወልቃለሁ። እሱንም አውቆ ነው ደብዳቤውን ያዘጋጀው።»

ፋብሪካው ያን ዕለት ሰርግ ቤት መስሎ ነበር። ወለሉ ታጥቦ፣ የዱቄት ጆንያው በልክ ተደርድሮ፣ ሁላችንም የታጠበ ጋዋንና አዲስ የፀጉር መሸፈኛ ተሰጥቶን። የማስነሻው ሳጥን ጎን ላይ አንድ ቀይ የፕላስቲክ ካርድ በሰንሰለት ተንጠልጥሏል፤ «ሰው አለ፣ አትንኩ» ይላል፣ የተዘረጋ መዳፍም አለበት። ያምራል፣ እውነቱን ለመናገር። ወንዶቹ ወዲያው የኳስ ቀልድ አገኙ፣ ማን ፋውል ሠርቶ ነው ቀይ የወጣበት እየተባለ ተሳቀ። ገንዳ የሚገባ ሰው ሁለቱንም ጫማ ኮሪደር ካለው አግዳሚ ወንበር ሥር እንዲተው ታዘዘ። አለቃችን ይሄን ሲናገር አማቱን አላያቸውም። ሻለቃ ግን ቀድመው «እሺ፣ እንዳሉት» አሉት። ካርዱን መጀመሪያ ያንጠለጠሉትም እሳቸው ናቸው፤ ግትር ናቸው የሚል ሰው ይሄን ይስማ።

የካርዱ ችግር ቶሎ ታየ፤ ለኔ ባይታየኝም። ሁለት ሰዓት ላይ መካኒኩ ዘይት ሊቀባ ገብቶ ወጣና ካርዱን ሳያወርድ ሄደ። በካርድ የተነሳ እግሩን የሚበርደው ሰው የለማ። ገንዳውን አየሁ፣ ባዶ ነው፤ ካርዱን ገፋ አድርጌ ማሽኑን አስነሳሁ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እንደገና ያው። አሁንም ገፋ አድርጌ አስነሳሁ፤ ገንዳውን ያየሁት ግን በሩቁ ነው። ሁለት ጊዜ የዋሸን ሰው በሦስተኛው ማን ያምነዋል። ዐይኔም ቢሆን ዘጠኝ ዓመት የለመደው ጫማ ነው፤ መደርደሪያዋ ባዶ ከሆነች ለኔ ገንዳውም ባዶ ነው። ማንም ያልነገረኝን ነገር ልቤ ራሱ ደምድሞ ተቀምጧል። ይሄ ስህተት የሌላ ሰው አይደለም፣ የኔ ነው፤ ዛሬም ሳስበው ይዘገንነኛል።

ለአምስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ላይ የተቦካው ሊጥ ተገለበጠ። አለቃችን ወደ ገንዳው አየና ጥጉ አልጠራም፣ ቀጮ ይግባና አምስት ደቂቃ ይፋቀው አለ። ቀጮ የምንለው ከሁላችንም ቀጭኑን ልጅ ነው፤ የሚገባው ሁልጊዜ እሱ ነው፣ ሲገባም ያንጎራጉራል። እኔ ያኔ እርሾ ላመጣ ግምጃ ቤት ነበርኩ፤ ፊርማሽ አይነበብም እያለ ግምጃ ቤት ጠባቂው ሲያደርቀኝ ጊዜው ሄደ። ስመለስ ካርዱ ተንጠልጥሏል። ወይ ይቺ ካርድ አልኩ በሆዴ፤ ደግሞ ረስተዋታል። ማንጎራጎር አልተሰማኝም፤ ምድጃዎቹ እየነደዱ፣ ማራገቢያው እየጮኸ ምን ይሰማል። በመስኮቱ ሳይ ግቢው ውስጥ ሁለት መኪና ቆሟል፤ ሥራ አስኪያጁ ሱፉን ቆልፎ እጅ እየጨበጠ ነው። አለቃችን ከነሱ ኋላ ሆኖ በመስኮቱ አየኝና ጣቱን አየር ላይ አዞረልኝ። ማሽኑ ይዙር ማለቱ ነው፤ ሲገቡ ሥራ ላይ እንድንታይ። ካርዱን ገፋ አደረግኩ። ጣቴን አረንጓዴው ላይ አሳረፍኩ።

ያኔ ነው አንድ በላስቲክ የተጠቀለለ የጎማ ጫማ እጄ ላይ የመጣው። ቀና ስል ሻለቃ ናቸው፤ ከኮሪደሩ አንድ እግራቸው ባዶውን እያነከሱ መጥተው ጫማቸውን በጣቴና በማስነሻው መሀል አስገብተዋል። አልጮኹም። እጄንም አልመቱም። እኔ ነኝ የተቆጣሁት። «እትዬ፣ ዛሬ እኮ…» አልኳቸው፣ እንግዶቹ፣ ደብዳቤው፣ ሁሉም አንድ ላይ አፌ ላይ ተጠላልፎብኝ።

«ዛሬ ምን እንደሆነ አውቃለሁ» አሉ። «ማን ቀረ?»

«ማንም አልቀረም።»

«አሥራ አንድ ነን። ኮሪደሩ ላይ ተረከዙ የተረገጠ ጫማ አለ።» ተረከዙን እየረገጠ የሚሄድ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለን። ከመሬት የሊጥ መቁረጫ አነሱና ገንዳውን ሁለቴ ኳ ኳ አደረጉት። ከውስጥ የቀጮ ድምፅ መጣ፤ «ቆዩ እስቲ፣ ጥጉ ጋ እየፈለግኩ ነው።»

እዚያው የዱቄት ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ቁጭ ማለቴን ያወቅኩት ራሱ በኋላ ነው። እጄን አየሁት። ያው እጄ ነው፤ ጠዋት ፊቴን የታጠብኩበት። ቀጮ እናቱንና ሁለት እህቶቹን ያስተዳድራል፤ ባለፈው ሳምንት ለታናሽ እህቱ ምን ዓይነት ቦርሳ ልግዛላት ብሎ አማክሮኝ ነበር። እንባዬ መጣ፣ አላቆምኩትም። ሻለቃ ጭንቅላቴን በመሸፈኛው ላይ አንዴ ዳሰስ አድርገውኝ ማስነሻው አጠገብ ቆሙ። አንድ እግራቸው በካልሲ ነው፤ ካልሲያቸው የተጣፈ ግን ንጹሕ ነው።

አለቃችን ከእንግዶቹ ቀድሞ እየሮጠ ገባ፤ ማሽኑ ለምን እንዳልዞረ ሊጠይቅ። መጀመሪያ ያየው ጫማውን ነው። ፊቱ ተለዋወጠ። ሻለቃ ሳይጠየቁ «ደብዳቤው ላይ ስሜን ይሙሉት» አሉት። «ጫማው ግን ሰው ሳይወጣ አይነሳም።» በዚህ መሀል ቀጮ ዱቄት የተነፋበት ፊቱን ከገንዳው አፍ ብቅ አድርጎ «አለቃ፣ የመፋቂያው ጫፍ ተሰብሮ ሊጡ ውስጥ ቀርቶብኛል፣ እሱን ስፈልግ ነው የቆየሁት» አለ። አለቃችን ቀጮን አየው፣ ካርዱን አየው፣ እኔን አየኝ። እኔም ከጆንያው ላይ ሆኜ «ልጫነው ነበር» አልኩት። «ካርዱ እንደ ጠዋቱ የተረሳ መስሎኝ ነው። ጣቴ ላዩ ላይ ነበር።» በመስኮቱ ያዞረልኝን ጣቱን በሌላው እጁ ጨብጦ ያዘው።

ልብ በሉ፣ አሁን ቀላል መንገድ ነበረው። ቀጮን ና ውጣ ይለዋል፣ ጫማውን ያነሳል፣ ማሽኑ ይዞራል፣ እንግዶቹ ይደሰታሉ። ጥፍር የምታህል ብረት ደግሞ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ካለ ልጅ አፍ ትገባለች፤ የየትኛው ፋብሪካ ናት ብሎ ማን ያውቃል። የእንግዶቹ ድምፅ ኮሪደሩ ላይ ደርሷል። እኔ ፊት ለፊቱ ነበርኩ፣ ይሄ ሁሉ በፊቱ ላይ ሲያልፍ አይቻለሁ፤ ጠዋት በግድግዳው በኩል የረገምኩትን ሰውዬ ያኔ አዘንኩለት። ከዚያ ወደ ቀጮ ዞረና «ፈልግ። ሳታገኘው አትውጣ» አለው። ጎንበስ ብሎ የአዲሱን ጫማ ማሰሪያ ፈታ። ግራ ጫማውን አውልቆ ከሻለቃ ጫማ ጎን ሊያስቀምጥ ሲል ሻለቃ እጁን ያዙት።

«ያለ ላስቲክ አይሆንም» አሉና ከኪሳቸው አንድ አውጥተው ሰጡት። ጠቅልሎ አስቀመጠው። አውራ ጣቱ በካልሲው ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ ወጥታ ታየች፤ ሻለቃም አዩዋት።

እንግዶቹ ገቡ። አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮና ደብተር የያዙ ሁለት ወንዶች ናቸው፤ ሥራ አስኪያጁ ከፊታቸው እየመራ «ይሄ ደግሞ የሊጥ ክፍላችን፣ ያለ ዕረፍት…» ብሎ ማሽኑ መቆሙን ሲያይ ቃሉ አፉ ላይ ቀረ። ሁለት ጫማ ሳጥኑ ላይ። አንዲት አሮጊት በአንድ እግር። የፈረቃ ኃላፊው በአንድ እግር፣ ጣቱ ወጥታ። ከደብተር ያዦቹ አንዱ «ዳቦ ቤት ውስጥ ጫማ?» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ግን ተሰማ። ሥራ አስኪያጁ የሆነ ነገር ሊቀባጥር ሲል አለቃችን ቀደመው። «ውስጥ ሰው አለ» አለ። «ሰው ሲኖር ማሽኑ እንዳይነሳ ጫማ እናስቀምጣለን። አንዱ ጫማ የሳቸው ነው፣ ሰው መኖሩን ያወቁት እሳቸው ናቸው። ሌላው የኔ ነው፣ ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

«እስከ መቼ ነው የሚቆመው?» አሉ ሴትዮዋ።

«እስኪወጣ።»

ሴትዮዋ ጣቱን አዩ፣ ጫማዎቹን አዩ፣ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። እሳቸው ሲቆሙ ሁሉም ቆመ። በግድግዳው ሰዓት አሥራ አራት ደቂቃ ነው፤ እኔ ግን ዕድሜዬን እዚያ የጨረስኩ መሰለኝ። ከገንዳው ውስጥ የቀጮ መፋቂያ ኪር ኪር ይላል፤ አንዴ እንዲያውም ማንጎራጎር ጀምሮ ሻለቃ ገንዳውን አንኳኩተው አስቆሙት። በመጨረሻ ወጣ። ከጣቱ ጫፍ ላይ ጥፍር የምታህል ብረት ይዟል፤ ለአለቃችን መዳፍ አስረከበና፣ እንደ ልማዱ ወደ መደርደሪያዋ ዞሮ ሁለት ጫማ ቢያይ አንዱም የሱ አይደለም። «የኔስ የታለ?» አለ። ከእንግዶቹ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፤ እኔ እያለቀስኩ ነው የሳቅኩት። ሻለቃ ጫማቸውን አነሱ፣ አለቃችንም የሱን አነሳና «አስነሺው» አለኝ። ጣቴ እንቢ አለኝ። ተነስቼ ቆምኩና መጀመሪያ «ማን ቀረ?» አልኩ። በሕይወቴ ያንን ቃል ስለው ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር። አሥራ ሁለት ሰው ቆጠርኩ፣ ቀጮን ሁለቴ አየሁትና ተጫንኩት።

ሴትዮዋ ሲወጡ ሻለቃ ጋ ቆም አሉና «ሁልጊዜ ነው እንዲህ የምታደርጉት?» ብለው ጠየቋቸው። «ሰው ሲገባ ሁልጊዜ» አሉ ሻለቃ። ውሉ ይገኝ አይገኝ አልነገሩንም፤ እነዚያ ሰዎች ፊታቸው አይነበብም። እንግዶቹን ሸኝቶ ሲመለስ ሥራ አስኪያጁ አለቃችንን ቢሮ ጠርቶ በሩን ዘጋው። እሱን በር ደግሞ በደህና እንጨት ነው የሠሩት፣ ምንም አይሰማም። ከሰዓቱን ሙሉ ሻለቃ ዱቄት እየነፉ ዋሉ፤ ደብዳቤው ይመጣል ብለን ሁላችንም በሩን በሩን ስናይ እሳቸው አንዴም ቀና አላሉም። ቀዩን ካርድ ማን እንዳወረደው አላውቅም፤ ወደ ማታ ስንወጣ ግን አልነበረም።

እራት ሰዓት ላይ ከግድግዳው ወዲህ ሳህኔን ይዤ ተቀመጥኩ። መብላቱን ትቼ ጠበቅኩ። ብዙ ጊዜ የሳህን ድምፅ ብቻ ነበር። መጨረሻ ላይ ሚስትየው «ደብዳቤውስ?» አለች፤ እየፈራች።

«ሞላሁት። ሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ ተጥሷል፣ የግድ የአንድ ሰው ስም ይግባበት አለ።»

«የማንን?»

«የኔን። ሳላጣራ ማሽን ይነሳ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱንም እንደዚያው ጻፍኩበት። ሙከራዬ ሦስት ወር ተጨምሮበታል።»

ማንኪያው ቆመ። ልጅቱ አለቀሰች መሰለኝ፣ ወይም አፍንጫዋን ጠረገች። ከዚያ ከአምስት ወር ወዲህ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ሰማሁ፤ ሻለቃ በልጃቸው በኩል ሳይዞሩ እሱኑ አናገሩት። «ያቺን ካልሲ አምጣት» አሉት።

«ይተዉት እማማ፣ ነገ ሌላው ይደርቃል።»

«አምጣት አልኩህ። ነገም ልታወልቅ አይደል።»

«አወልቃለሁ» አለ። መሳቢያ ተከፈተ፣ የክር ጥቅልል ወለሉ ላይ ወድቆ ተንከባለለ፣ ሚስትየው ሳቀች። ቆይተውም በሩ ተዘጋና ሻለቃ እንደ ወትሯቸው «ማን ቀረ?» አሉ። ተነሳሁና መብራቱ ሥር ሆኜ የራሴን ካልሲ አየሁት። ተረከዙ ጋ ቀዳዳ ነበረው። መርፌ ፈለግኩ።